ያዥ የሌለው ጠብ

ሱቄ ውስጥ የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው በኪቦርድ ነው። ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ቢላዋም ሽጉጥም አይቻለሁ፤ የጎረቤቴ መስታወት በጥይት ሲረግፍ የሻይ ብርጭቆዬን ሳልለቅ ከባንኮኒው ሥር የገባሁበት ቀን አለ። ኪቦርድ ግን ለእኔም አዲስ ነበር።

ከበርክሌይ የሚመጣ ቀይ ጸጉር ተማሪ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ እንደተከለ፣ "ኮሪያዎቹ ጭንቅላት የላቸውም፤ ጣት ብቻ ናቸው" አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ኮሪያዊ ተነሣ፣ ኪቦርዱን ከነገመዱ መነገለና ጆሮው ላይ አሳረፈለት። ቁልፎቹ እንደ ፈንዲሻ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጆሮው ተሰንጥቆ ደሙ አንገቱን ይዞ ወደ ሸሚዙ ወረደ። መቼም ባለ ሱቅ ነኝ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ኪቦርዱ አዲስ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ኪቦርዶቹን በሙሉ በሰንሰለት ከጠረጴዛው ጋር አሰርኳቸው። ወንበሮቹን ማሰር ግን አልታየኝም። በሚቀጥለው ጊዜ በወንበር ተማቱ።

ነገሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺዎቹ ውስጥ ነው። ሱቄ ከፊት ለፊት የስልክ ካርድና ሻርጀር ይሸጣል፣ የተቆለፈ ስልክ ይከፍታል። ከኋላ ያለውን መጋዘን ደግሞ ኮምፒውተር ደርድሬ ጌም ቤት አደረግኩት። ወደ ላይ ቢሄዱ ቴሜስካል ነው፣ የእኛና የኤርትራ ምግብ ቤቶች። ወደ ታች ቢወርዱ የኮሪያዎቹ ምግብ ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው። እኔ መሀል ነኝ። ድንበር ላይ ሱቅ መክፈት ጥሩ ነው፤ ሻርጀር የማይጠፋበት ወገን የለም።

ሁሉም የሚጫወቱት አንድ ጌም ነበር። ጠፈር ላይ ሦስት ዘሮች ይፋጃሉ። መሬት ትቆፍራለህ፣ ማዕድን ታወጣለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ ጦር ታሰልፋለህ፣ ከዚያ የጎረቤትህን ቤት ከነነፍሱ ታቃጥላለህ። ከመርካቶ የሚለየው ሕንፃው ቶሎ ማለቁ ነው። ኮሪያ ውስጥ ይህ ጌም በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ተጫዋቾቹ ቡድን፣ አሠልጣኝ፣ ደመወዝ አላቸው። በዓለም ላይ እነሱን የሚችል አልነበረም። ስለዚህ ዓለም ለሁለት ተከፈለ፦ ኮሪያና ፎሪነር። ኮሪያዊ ካልሆንክ የትም ተወለድ የት ፎሪነር ነህ። ኦክላንድ ተወልዶ ኦክላንድ ያደገ ጎረምሳ ኦክላንድ ውስጥ ተቀምጦ "እኛ ፎሪነሮች" ሲል ስሰማ፣ ወላሂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ቤቴ መሰለችኝ።

ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። የፎሪነር ደጋፊዎች "ጣታቸው ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቾፕስቲክ ስለሚበሉ ነው" ይላሉ። እኔ ባንኮኒዬ ላይ ሆኜ እስቃለሁ። ስለ እኛ ሯጮች ሲሉ የሰማሁት ነው፦ አየሩ ነው፣ ቅልጥማቸው ነው፣ ትምህርት ቤት እየሮጡ ስለሚሄዱ ነው። በአሥር ሺህ ሜትር ኮሪያዎቹ እኛ ነን። ሰውየው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ይሠራል ማለት ለምን እንደሚከብዳቸው እንጃ። አንድ የታክሲ ሹፌር ደንበኛዬ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሀል፣ "አባቴ ኮሪያ ዘምቶ እግሩን ነው ጥሎ የመጣው። ውለታ የሚያውቁ ከሆነ አንድ ጌም ይልቀቁልን" ይል ነበር።

ይሁን እንጂ ከክርክሩ ይልቅ ድብድቡ ነው ያስቸገረኝ። አፍንጫ ተሰበረ፣ ቅንድብ ተከፈተ፤ አንዱ የአንዱን ጆሮ ነክሶ ሄድፎን ማድረግ አስከለከለው። በኋላ እኔ ያደግኩበትን ሕግ አወጣሁ።

ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን የመርካቶ፣ የምን አለሽ ተራ ልጅ ነኝ። ምን አለሽ ተራ ጠብ ሥርዓት አለው። ሰው ጠብ የሚጀምረው ዙሪያውን አይቶ፣ ያዥ መኖሩን አረጋግጦ ነው። ሁለቱ ሲተናነቁ የአንዱ ወዳጆች አንዱን ከኋላ ጥፍንግ ያደርጉታል፣ የሌላው ወዳጆችም ሌላውን። ሕጉ የራስህን ሰው መያዝ ነው። የሰው ሰው ከያዝክ "ለማስመታት ነው የያዘው" ይባልና ጠቡ ወደ አንተ ይዞራል። የተያዘው ሰው "ልቀቁኝ! ዛሬ አልምረውም!" እያለ ይጮኻል። ማንም እንደማይለቀው ያውቃል። ቢለቁት ይቀየማል።

ሱቄ ውስጥ ይህን አስተማርኩ። ኮሪያው ሲነሣ ኮሪያዎች ይይዙታል፤ ፎሪነሩ ሲነሣ ፎሪነሮች። ሠራ። ሁሉም "ልቀቁኝ" ማለት ተለማመደ፣ ወንበሮቼም ዐረፉ። ዓለም በሙሉ እንዲህ የሚይዝ መሰለኝ።

*

ታናሽ ወንድሜ የጨዋታው እብድ ነበር። ልጅ ሆኖ ነው ያመጣሁት። አማርኛውን ይሰማል፤ ሲመልስ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ቀን ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ ያመላልሳል፣ ከዚያ የሚያርፈው እኔ መጋዘን ውስጥ ነው። ስለ እጁ የነበረው ጥንቃቄ የአዲስ ሙሽራ ነው። ሣህን አያጥብም፣ ከባድ ሻንጣ በቀኝ እጁ አያነሣም፣ ባለቤቴ ሽንኩርት ክተፍልኝ ስትለው "ሪስቴን" ብሎ የእጁን አንጓ ይዞ ይሸሻል። "የማን ሪስት ነው? የንጉሥ ነው?" ትለዋለች።

በሁለት ሺህ ዐሥሮቹ ውስጥ፣ የጌሙ አዲሱ ዓይነት ከወጣ በኋላ፣ ሳን ሆዜ ትልቅ ውድድር መጣ። ቅዳሜ ማንም ይገባል፤ ያሸነፈ እሑድ መድረክ ላይ ይወጣል። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት የገጠመውን ሁሉ ጠርጎ ለእሑድ አለፈ። ተጋጣሚ ሆኖ የደረሰው ከሴኡል የመጣ ኮሪያዊ ነው። የአንድ የጌም ቡድን ሰው ጠርቶት፣ "ነገ እሱን ካለፍክ ሴኡል ወስደን ከቡድናችን ጋር እናኖርሃለን፣ በደመወዝ" አለው። ወንድሜ ይህን ሊነግረኝ እየሮጠ ወጣ።

"ወንድም ጋሼ፣ የኤርፖርት ሻትሉን ኩዊት አደርጋለሁ።"

"መጀመሪያ አሸንፍ።"

"እጄ ዛሬ ፐርፌክት ነው። ፊል አድርገው።" ጣቶቹን ፊቴ ላይ ዘረጋቸው። ዐሥሩም ደህና ነበሩ።

እኔ ከአዳራሹ ውጪ፣ መንገድ ዳር ጋሪ ይዤ ባንዲራ እሸጥ ነበር። በቀኝ በኩል የኮሪያ፣ በግራ በኩል የአሜሪካም የስዊድንም የፈረንሳይም። አብረውኝ የባለቤቴ አጎት አሉ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ካስትሮ ቫሊ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሁላችንም ዶክተር ነው የምንላቸው። ስለ ጌም ምንም አያውቁም፣ ክርክር ግን ይወዳሉ፤ ክርክር አለ ስላቸው መኪናቸውን አስነሥተው መጡ። እንዴት እንደሚነዱ አልናገርም። ብስክሌት ቀድሞናል።

ጋሪው አጠገብ የቆመችው ደግሞ ከሱቄ ዝቅ ብሎ ያለው የኮሪያ ምግብ ቤት ባለቤት ልጅ ናት፤ ሥራዋ ነርስ ነው። ትከሻዬ ላይ የማትደርስ ሴት ናት፤ ጉንጯ ላይ የኮሪያን ባንዲራ ስላ፣ ቁመቷን የሚያህል የብረት ውኃ መያዣ ታቅፋለች። አጁሺ ትለኛለች፤ የእነሱ ጋሼ ነው።

ከሰዓት ላይ አንድ ባለ ጺም ግዙፍ ሰው ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ የአሜሪካ ባንዲራ ገዛኝ። ገዝቶ አልሄደም፤ ቆሞ ነርሷን ይነዘንዛት ገባ።

"የእናንተ ልጆች ሕይወት የላቸውም" አላት። "ከጠዋት እስከ ማታ ስክሪን። ይሄ ኑሮ ነው?"

"ያንተንስ ኑሮ አየነው" አለችው። "ቅዳሜ ከሰዓት መንገድ ላይ ቆመህ ባንዲራ ትገዛለህ።"

ጓደኞቹ ሳቁበት። ዶክተር ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። "ጥያቄው የዘር ጥያቄ አይደለም፤ የተቋም ጥያቄ ነው" ብለው ጀመሩ። ሯጮቻችንን አነሡ፣ አርሲን አነሡ፣ ወደ ፊውዳሉ ሥርዓት ሊሻገሩ ሲሉ ባለ ጺሙ አቋረጣቸው።

"ሽማግሌው፣ ይቅርታ ግን ነገ የእኛን ቦታ የያዘው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? አንድ የኤርፖርት ሹፌር! ስሙን ሰምተነው አናውቅም። በዕድል አልፎ ነገ መድረክ ላይ ያዋርደናል።"

ሹፌሩ ከኋላዬ ቆሞ ሳንድዊች እየበላ ነበር። ማኘኩን አላቆመም። አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ፤ ተወው ማለቱ ነው።

እኔ ግን መርካቶ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የአፍ ዕዳ ሳልመልስ አላድርም። "ሹፌሩ ውስጥ ገብቷል" አልኩት። "አንተ ነህ ውጪ የቀረኸው።" እያልኩም እጄ ሥራውን አልተወም፤ ለአንድ ኮሪያዊ ባንዲራ ሸጥኩና የተማርኳትን አንዲት የኮሪያ ቃል ጨምሬ "በርቱ!" አልኩት።

ባለ ጺሙ የጋሪውን ቀኝና ግራ ተመለከተ። "ለሁለቱም ነው የምትሸጠው?"

"ለሦስተኛም ካለ እሸጣለሁ።"

ጋሪዬን በአንድ እጁ ገለበጠው። ባንዲራዎቹ አስፋልት ላይ ተበተኑ፤ በቦት ጫማው ወጣባቸው፤ መጀመሪያ የኮሪያውን፣ ከዚያ ሳያውቀው የራሱንም። እኔም ሄድኩበት። ወርዱ የእኔ እጥፍ ነበር፤ እዩኝና ፍረዱ፣ እብድ አይደለሁም። የሄድኩት ያዥ አለኝ ብዬ ነው። ዙሪያዬን አይቻለሁ፦ ዶክተር አሉ፣ ወንድሜ አለ። ሰውየውም ከነጓደኞቹ ነው። ሁሉ ነገር የተሟላ ጠብ ነበር።

ዶክተር አላሳፈሩኝም። ሁለት እጄን ከኋላ ጠርቅመው ያዙኝ። ካስትሮ ቫሊ ጓሮአቸውን ሲቆፍሩ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ ያ ሁሉ ጉልበት እዚያ መጠራቀሙን ማን ያውቃል? እኔም እንደ ደንቡ ደረቴን ነፍቼ "ልቀቁኝ!" አልኩ። የባለ ጺሙ ጓደኞች እሱን እስኪይዙት ጠበቅኩ።

አልያዙትም። እጃቸው ሥራ ፈት አልነበረም፤ ሁሉም ስልክ አውጥተው ይቀርጹ ነበር።

የመጀመሪያው ቡጢ ግራ ዓይኔ ላይ አረፈ። እሳት አየሁ። ሁለተኛው የጎድን አጥንቴ ሥር ገባና ትንፋሼን ይዞት ሄደ። "ልቀቁኝ!" አልኩ። በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም፤ ከልቤ ያልኩት ግን ያኔ ነው።

"አይሆንም!" አሉ ዶክተር ጆሮዬ ላይ። "ተረጋጋ! ሰይጣንን እርገም!"

"ዶክተር፣ ሊገድለኝ ነው!"

"ንዴትህ ነው እንዲህ የሚያናግርህ!"

ሦስተኛው አፌን አገኘው። ከንፈሬ በጥርሴ ላይ ተተረተረ፤ ደሜን ዋጥኩት። ልወድቅ ስል ዶክተር አቆሙኝ፤ ለአራተኛው ቀጥ ብዬ እንድገኝ ማለት ነው። የሰውየው ክንድ ወደ ኋላ ሲለጠጥ በቀረችኝ ዓይኔ አየሁ፤ እጀታው ላይ የእኔ ደም ነበር።

ከዚያ ሳንድዊቹ መሬት ላይ ወደቀ።

ወንድሜ በሕይወቱ ሰው መትቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚመታ ቢያውቅ ኖሮ ክርኑን ወይም ግንባሩን ይጠቀም ነበር። እሱ የመታው በዚያች ሣህን በማትነካ፣ ሽንኩርት በማትከትፍ ቀኝ እጁ ነው፤ የሰውየው አፍ ላይ። ሁለት ድምፅ ሰማሁ፦ አንዱ የጥርስ፣ ሌላው እንደ ደረቅ ጭራሮ ያለ። ባለ ጺሙ ተንገዳግዶ ባንዲራዎቹ ላይ ቁጭ አለ፣ በመዳፉ ላይ ደምና ጥርስ ተፋ። ወንድሜ ግን እሱን አላየውም። እጁን ፊቱ ድረስ አንሥቶ ያይ ነበር። መገጣጠሚያዋ ላይ ቆዳዋ የተገለጠች ትንሿ ጣቱ ወደማትሄድበት ዞራለች።

"ኖ" አለ። "ኖ፣ ኖ፣ ኖ።"

ጥበቃዎች እየሮጡ መጡ። እኔና ባለ ጺሙ ተያየን። እሱ ከተከሰሰ ለእሑድ የገዛው ቲኬት ይቀራል፤ ወንድሜ ከተከሰሰ ከውድድሩ ይባረራል። ቃል አልተለዋወጥንም። "ጋሪው ተገልብጦብን ወደቅን" አልኩ። "ወደቅን" አለ እሱም፤ ቃሉ ጥርሱ በነበረበት በኩል እያፏጨ ወጣ። የሱቅ ድርድር ሠላሳ ዓመት ብሠራም እንዲህ ቶሎ የተስማማሁበት ቀን የለም።

*

ነርሷ ወንድሜን ጥላ ሥር አስቀምጣ እጁን አየችው። በውኃዋ አጠበችው፤ ሲነካው እንደ ፍየል ጮኸ።

"ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ።"

"ጄሶ ያደርጉብኛል?"

"አዎ።"

"ከነገ በኋላ እሄዳለሁ።"

ትንሿን ጣት ከጎረቤቷ ጋር በፕላስተር አሰረችለት። "እንዲህ ሆነህ ትሸነፋለህ" አለችው፣ ከዚያ አሰበችና "ሳይሰበርም ትሸነፍ ነበር" ብላ አጽናናችው።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሚሰማው የእኔ ትንፋሽና የዶክተር ፍሬቻ ብቻ ነበር፤ ካበሩት በኋላ ማጥፋት ይረሳሉ። ሄዋርድ ከተማ ስንደርስ ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ።

"እኔ ባልይዝህ ኖሮ ዛሬ ያን ሰውዬ ገድለኸው ነበር።"

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ከንፈሬ እንደገና ተቀደደ። ከኋላ ወንድሜ ነው የመለሰላቸው። "ዶክተር፣ ሲሪየስሊ? እየሞተ የነበረው እኮ እሱ ነው።"

"ጥፋቱ የእነሱ ነው" አሉ ዶክተር። "የራሳቸውን ሰው መያዝ ነበረባቸው። እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ።"

እውነታቸውን ነው። በደንባችን ከሄድን ዶክተር ላይ የሚፈረድ ነገር የለም። የተሳሳትነው ደንቡ ሳን ሆዜ ድረስ አብሮን የመጣ መስሎን ነው።

*

እሑድ ጠዋት የወንድሜ እጅ ድፎ ዳቦ አክሎ ተነሣ። ማውሱን በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ ይዞ፣ የታሰሩትን ሁለቱን ወደ ውጪ ዘርግቶ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ገባ። ተጫዋቾቹ የሰው ጩኸት እንዳይሰሙ እንደዚያ ነው የሚዘጋባቸው። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። እኔ አንድ ዓይኔ ተደፍኖ፣ ዶክተር ከረባት አድርገው፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ነርሷ ከኮሪያዎቹ ጋር ከፊታችን ናት። ከእሷ ጥቂት ወንበር አለፍ ብሎ፣ ከንፈሩ እንደ ጎማ ያበጠ አንድ ባለ ጺም ሰው ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ጌም ቶሎ አለቀ። ወንድሜ ያ እጅ ረጅም ውጊያ እንደማይችል ያውቃል። ስለዚህ ወታደሩንም፣ ቆፋሪውንም፣ ግንበኛውንም፣ ያለውን ነፍስ ሁሉ ይዞ ገና ከመጀመሪያው ወረደበት። ሱቅህን ክፍት ትተህ፣ ሠራተኛህንም ዘበኛህንም ይዘህ ጎረቤትህን እንደ መውረር ነው፤ ከከሸፈ የምትመለስበት የለህም። አልከሸፈም። ቆፋሪዎቹ በመቆፈሪያቸው የሰው ቤት እያፈረሱ፣ አንዱ ሲቃጠል አንዱ እየተካ፣ ስክሪኑ በእሳትና በአስከሬን ተሞላ። ኮሪያዊው ተሸንፌያለሁ ብሎ ጽፎ እጁን ከኪቦርዱ አነሣ።

አዳራሹ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ማን መሰላችሁ? ባለ ጺሙ። ወንበር ላይ ወጥቶ ባንዲራ እያውለበለበ የወንድሜን ስም ይጠራል፤ ትናንት ሰምቼው አላውቅም ያለውን ስም። ስሙ በጥርሱ ክፍተት ሲያልፍ ያፏጫል። ትናንት የመታው ወንድሜ መሆኑን መድረክ ላይ ሲያየው ገብቶታል፤ ዞር ብሎ አየኝ፣ የደፈነውን ዓይኔን አየ፣ አውራ ጣቱን አነሣልኝ። "ወንድምህ ተስፋችን ነው!"

"የሌባ አጨዋወት ነው" አሉ ኮሪያዎቹ። "ፎሪነር ሠርቶ ማሸነፍ አይችልም፤ ይሰርቃል።"

ሁለተኛው ጌም ዕርድ ነበር። ኮሪያዊው ያን ወረራ አንዴ ቀምሶታልና ጠብቆት ደቆሰው፤ ከዚያ ሳይቸኩል፣ ሥጋ ከአጥንት እንደሚለይ ባለ ሉካንዳ፣ ብልት በብልት አወራረደው። ወንድሜ ከሦስተኛው በፊት ፕላስተሩን በጥርሱ ሲያጠብቅ በትልቁ ስክሪን ታየ። ባለ ጺሙ ፊቱ ጠቆረ።

"እጁ ምን ሆኖ ነው? ለምን ይዘገያል?"

ነርሷ ዞረችበት። "ትጠይቃለህ እንዴ? ትናንት በጥርስህ የሰበርከው አንተ ነህ። ተስፋህን ነክሰህ ሰበርክ!"

ኮሪያዎቹ ፈነዱ በሳቅ። የራሱ ጓደኞችም ሳቁ። ሰውየው ከወንበሩ ወረደ፤ እንደ ትናንቱ ክንዱ ወደ ኋላ ሲለጠጥ አየሁት። እሷ ሸሽታ አታውቅም፤ የብረት ውኃ መያዣዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ጓደኞቹን አየሁ፤ ስልካቸውን አውጥተዋል። የእሷንም ሰዎች አየሁ፤ እነሱም አውጥተዋል።

ወንበር ዘልዬ ከኋላው ጥምጥም አልኩበት። ሁለት እጁን ዶክተር እንደያዙኝ አድርጌ ያዝኩት፤ ትናንት በደንብ ተምሬዋለሁ።

"ልቀቀኝ!" አለ።

"አይሆንም!" አልኩት በአማርኛ። "ተረጋጋ! ሰይጣንን እርገም!"

የነርሷ የመጀመሪያው ምት ግንባሩ ላይ ሲያርፍ ባዶ በርሜል ነው የጮኸው። ሁለተኛው አፍንጫውን ሰበረው፤ ትኩስ ደሙ እጄ ላይ ተረጨ። "ሊገድሉኝ ነው!" አለ። ሦስተኛው ትናንት ባበጠው ከንፈር ላይ ነበር፤ ወደ ታች ተንሸራተተ። እኔም እንዳይወድቅ ደግፌ አቆምኩት።

"እንዲህ ነው እንጂ ገላጋይ!" አሉ ዶክተር ከመቀመጫቸው።

ጥበቃዎቹ እኔን፣ ዶክተርን፣ ነርሷንና ባለ ጺሙን ወደ ውጪ ሲገፉን በትከሻዬ ላይ ወደ ስክሪኑ አየሁ። ሦስተኛው ጌም እያለቀ ነበር። የወንድሜ ቤቶች አንድ በአንድ ይቃጠሉ ነበር፤ እሳቱን የሚያጠፋ እጅ ግን አልነበረም።

*

ሆስፒታሉ በር ላይ አራታችን ደረጃ ላይ ተቀመጥን፤ እኔ፣ ወንድሜ፣ ዶክተር፣ ነርሷ። ባለ ጺሙ ቀድሞን ውስጥ ገብቷል። የቡድኑ ሰው ወንድሜን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "እጅህ ሲድን ደውል" ብሎት ሄዷል። ጥሩ ሰው ነበር፤ የስልክ ቁጥሩን ግን አልሰጠውም።

ከጨዋታው በኋላ ኮሪያዊው ሊጨብጠው ቀኝ እጁን ሲዘረጋ፣ ወንድሜ ግራውን ሊሰጠው አፈረ። ስለዚህ እኛ ስንበላ ሰው ሲመጣ እንደምናደርገው አንጓውን ሰጠው። ኮሪያዊው ፕላስተሩን አይቶ፣ አንጓውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ይህን ነርሷ ናት የነገረችኝ፤ በሰው ስልክ አይታዋለች። ለካስ አንዳንዱ ቀረጻ ይጠቅማል።

"ወንድም ጋሼ" አለ ወንድሜ፣ እጁን በበረዶ ከረጢት እንዳቀፈ። "በሦስተኛው ጌም ወንበሮቹ ጋ ምን ነበር? ከመስታወቱ ውስጥ ሆኜ አየሁህ። ሰውየውን ይዘህ ልጅቷ ትመታዋለች።"

"በእሱ ነው የተሸነፍከው?" አልኩት። 

"ኖ። ቀድሞ አልቆ ነበር። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ።" በረዶውን አስተካከለ። "ተሸንፌያለሁ ብዬ ስጽፍ ግን እየሳቅኩ ነበር። ያ ኮሪያዊ እብድ ነው ሳይለኝ አይቀርም።"

ዶክተር የከረባታቸውን ቋጠሮ አስተካከሉ። "አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም" አሉ። "ደንቡ የራስን ሰው መያዝ ነው። ታዲያ ያን ሰውዬ የያዝከው ያንተ ሰው ነው ብለህ ነው ወይስ ለማስመታት?"

"ለወንድሜ ሲጮህለት አልነበር?" አልኩ። "የእኔ ሰው ነው።"

ነርሷ አማርኛ አትሰማም፤ ግን ፊቴን አይታ የውኃ መያዣዋን ዕቅፍ አድርጋ ሳቀች።

የወንድሜ አጥንት ገጥሟል፤ በልኩ ግን አይደለም። አንድ ቀን አርፍደን ነው፤ ሐኪሙ እንደዚያ አለ። ሴኡል አልሄደም። አሁንም ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። መሪ ሲይዝ ያቺ ትንሿ ጣቱ አልጨብጥም ብላ ለብቻዋ ቀና ትላለች። ከፊት የሚመጡት ሹፌሮች ሰላም ያላቸው ይመስላቸውና እነሱም እጃቸውን ያነሡለታል።